ቤቱን ከእኛ ልማድ ጋር እንዴት እናስማማው? (አምስት ሰው፣ 96 ካሬ)

መርፌና ክር

ሰላም ለሁላችሁም። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

አፓርታማችንን ተረክበናል። ግድግዳው ተለስኗል፣ መስኮትና የውጭ በር ተገጥሟል። ወለሉ፣ ኩሽናው፣ የውስጥ በሮቹ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ገና ነው። አሁን የምንወስነው ሁሉ ለዓመታት አብሮን ስለሚኖር መቸኮል አልፈለግንም።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ሳሎን 5.4 በ4.2፣ ትልቁ መኝታ ቤት 5.2 በ3.6 ሆኖ ሁለት መስኮት አለው፣ ሁለተኛው 3.4 በ3.2፣ ሦስተኛው 3.2 በ3። ኩሽናው 3.4 በ2.2። ሁለት መታጠቢያ ቤት አለ፣ ሁለቱም በራቸው ወደ ኮሪደር ነው። ኮሪደሩ 1.4 ስፋት አለው። ከሳሎን የምትወጣ ጠባብ በረንዳም አለች።

ሰዎቹ ደግሞ፦ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ ለገበያ ሳይሆን ለራሴ፣ ግን ሳልሰፋ አልውልም። ባለቤቴ ነገሩ ሁሉ ብስክሌት ነው፤ ይነዳል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ እጁ ከግራሶ አይጠራም። ሴቷ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ቫዮሊን ትማራለች። ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በመገጣጠሚያ መጫወቻ ከተማ ሲሠራ ይውላል፣ የሠራውን ያፈረሰበት ሰው ወዮለት። የባለቤቴ እናት አብረውን ይኖራሉ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ አበባ ማሳደግ ይወዳሉ።

ያማከርነው ባለሙያ የመጀመሪያ ንድፉን አሳይቶናል። ያምራል። ነጭ ሳሎን፣ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን፣ የመስታወት የምግብ ጠረጴዛ። እኛ ግን ውስጡ የለንም። የስፌት መኪናዬ የት እንደሚሆን ስጠይቅ «ዕቃ ቤት ይገባል፣ ሲፈልጉ ያወጡታል» አለኝ። በየቀኑ ከዕቃ ቤት አውጥቶ የሚሰፋ ሰው ታውቃላችሁ?

ከየት ልጀምር? ከክፍል ድልድሉ ወይስ ከዕቃው?

ንድፍ ወዳድ

ከሁለቱም አይደለም፤ ከውሏችሁ ጀምሪ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ ደንበኞቼንም መጀመሪያ የማስጽፋቸው ይህንን ነው። አሁን በምትኖሩበት ቤት ለአንድ ሳምንት ያህል ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ምን እንደሚያደርግ መዝግቢ። የምትመኙትን ሳይሆን የምታደርጉትን። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ቤተሰቡ ማታ ማታ አንድ ላይ ሆኖ መጽሐፍ ያነባል» ይላል፤ ሲመዘገብ ሁሉም ስልኩን ይዞ በየጥጉ ተቀምጦ ይገኛል። ቤት የሚሠራው ለሁለተኛው ነው።

ሌላ የማምነው ምስክር ክምር ነው። አሁን ባላችሁበት ቤት ዕቃ ሁልጊዜ የሚከመርባቸውን ቦታዎች እይ። ወንበር ላይ የሚወረወር ልብስ፣ በር ሥር የሚደረደር ጫማ፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የሚቀር ወረቀት። ብዙ ሰው ይህን የሥርዓት ጉድለት አድርጎ ይወስድና አዲሱ ቤት ውስጥ «እናስተካክለዋለን» ይላል። አይስተካከልም። እግር የለመደውን ነው የሚሄደው። ክምሩ ያለበት ቦታ ላይ መሳቢያ ወይም መደርደሪያ ብታስቀምጪለት ይሻላል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ዝንባሌ አራት ነገር ጠይቂ። ሥራው ሳያልቅ ለምን ያህል ጊዜ ተዘርግቶ ይቆያል? ምን ይረጫል፤ ድምፅ ነው፣ አቧራ፣ ዘይት፣ ውሃ? ምን ይፈልጋል፤ ብርሃን፣ ሶኬት፣ የሚታጠብ ወለል? ሰውየው ብቻውን መሆን ይፈልጋል ወይስ ሰው መሀል? የመጀመሪያው ከሁሉ ይበልጣል። ተጠቅልሎ የሚነሣ ሥራና ተዘርግቶ የሚያድር ሥራ አንድ ዓይነት ቦታ አይበቃቸውም። በየጊዜው ተነሥቶ እንደገና የሚዘረጋ ነገር ቀስ በቀስ ይተዋል፤ የስፌት መኪናሽ ዕቃ ቤት ከገባ የሚጠብቀው ዕጣ ይኸው ነው።

ሳሎን ጠባቂ

ጥሩ ነው፣ ግን ቴሌቪዥኑን ማን ነው የሚያየው? በመግቢያሽ ላይ አንድም ሰው ቴሌቪዥን ያያል አላልሽም።

መርፌና ክር

@ሳሎን ጠባቂ አሳቅኸኝ፤ እውነት ግን ጽሑፌን መልሼ ሳነበው የለም። ሁላችንም እናያለን፣ የሚናፍቀው ግን የለም።

@ንድፍ ወዳድ መዝግቤ መጣሁ። ዋና ዋናውን ልጻፍ።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከምንበላበት ሰዓት ይልቅ እኔ ጨርቅ የምቆርጥበት ሰዓት ይበልጣል። ምግብ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይነሣል፣ መርፌ ይጠፋል፣ ጠብ ይነሣል። ወንዱ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አይጫወትም። ኮሪደር ላይ ነው፤ ሰው በሚያልፍበት፣ ከእኔ ድምፅ ብዙ ሳይርቅ። ሴቷ ቫዮሊኗን የምትለማመደው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው! በር ስለሚዘጋና ድምፁ ስለሚያምርላት። ባለቤቴ መግቢያው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ብስክሌቱን ይገለብጣል፣ ጋዜጣው ግን ግራሶውን አያቆመውም። እማማ ጎህ ሲቀድ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ክፍላቸው ከልጆቹ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ልጆቹ አብረው ይነቃሉ። ትልቁን መኝታ ቤት የያዝነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ የምንገባው ግን ለመተኛት ብቻ ነው።

ንድፍ ወዳድ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢያት። አዲሱ ቤት ውስጥ 18.7 ካሬ ያለውን፣ ሁለት መስኮት ያለውን ትልቁን ክፍል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ለሚጠቀሙበት ሁለት ሰዎች ልትሰጡ ነው። ቀኑን ሙሉ ቦታ የሚፈልጉት ልጆቹ ናቸው። ሁለት መስኮት ካለው ለሁለት ይከፈላል። እናንተ ወደ 3.2 በ3 ግቡ።

እንግዳ ሐሳብ እንዳይመስልሽ። በ1924 በኔዘርላንድስ ኡትሬክት ከተማ ትሩስ ሽሮደር የምትባል የሦስት ልጆች እናት ከንድፍ ባለሙያው ከኸሪት ሪትፌልት ጋር ሆና ቤት አሠራች። የላይኛው ፎቅ ቀን አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ማታ ተንሸራታችና ታጣፊ ግድግዳዎች ሲሳቡ ለልጆቹም ለእሷም መኝታ ይወጣል። የመነጨው ልጆቿ ትልልቆች ባሉበት እንዲውሉ ስለፈለገች ነው። ፈረንሳይ ማርሴይ ባለውና በ1952 በተጠናቀቀው የአርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥም ሁለት ጠባብ የልጆች ክፍሎች መካከል የሚንሸራተት ግድግዳ አለ፤ በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳም ነው። ቀን ተከፍቶ የጋራ መጫወቻ ይሆናል። ለእናንተም ተንሸራታች ግድግዳ አስቢ።

የድምፅ ሰው

ንድፍ ወዳድ፣ በአክብሮት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ልጅቷ ቫዮሊን ትጫወታለች! ተንሸራታች ግድግዳ ከላይም ከታችም ከጎንም ክፍተት አለው። ቫዮሊን ከተጫዋቹ ጆሮ አጠገብ ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) በላይ ይደርሳል። ያ ድምፅ የሚቀነሰው በክብደትና በጥብቅነት ነው። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ የግድግዳው ውፍረት አይጠቅምሽም።

መርፌና ክር፣ ስለ ድምፅ የሚወራው ብዙው ስሕተት ስለሆነ በደንብ ልጻፍልሽ። ስፖንጅና የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ አለ። እነዚህ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ አያደርጉም። የሚያግደው ክብደት ነው። የአንድ ነጠላ ግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲያድግ የሚያልፈው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ግድግዳ ማወፈር ብቻውን ቶሎ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የሚሻለው ሁለት የማይነካኩ ገጾች መሥራት ነው። በሁለቱም ወገን 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ድርብ፣ መሀል የማዕድን ሱፍ፣ ዙሪያው በሙሉ በማይደርቅ ማሸጊያ የተደፈነ። ከ15 ሴንቲ ብዙ አይዘልም። በሁለቱ ክፍሎች ያሉ ሶኬቶች ጀርባ ለጀርባ እንዳይገጠሙ፤ አንዱን ወደ ጎን አርቁት።

ከግድግዳው በላይ ግን በሩ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል በር ካስገባችሁ ያሠራችሁት ግድግዳ ሁሉ ከንቱ ነው። ድፍን በር፣ ዙሪያውን ጎማ፣ ሥሩ ላይ ሲዘጋ የሚወርድ ማሸጊያ።

አንድ ደስ የሚል ዜና አለ፦ ቫዮሊን በትከሻ ስለሚያዝ ድምፁ በአየር እንጂ በወለል ብዙ አይተላለፍም። ፒያኖ ወይም ቼሎ ቢሆን ኖሮ ወለሉንም ማንሣት ነበረብን። የመታጠቢያ ቤቱ ነገር የገባት ልጅ ናት፤ ሴራሚክ ድምፅ ስለሚያስተጋባ መሣሪያው ይጎላል። ግን እርጥበቱ እንጨቱን ይጎዳል። ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለ የአየር እርጥበት ነው የሚስማማው። አዲሱ ክፍሏ ውስጥም መስኮት ሥር ፀሐይ የሚያርፍበት ላይ አይቀመጥ።

ተጠራጣሪው

እኔ ደግሞ ዘወር ብዬ ልጠይቅ። ልጁ ዛሬ መጫወቻ ይገጣጥማል፤ 12 ሲሞላው ኳስ ይል ይሆናል። ልጅቷ በ18 ዓመቷ ከቤት ትወጣለች። ለዛሬ ዝንባሌ ግድግዳ እያቆማችሁ ነገ ስታፈርሱ ልትኖሩ ነው? ቤት መሸጥ ቢመጣስ? ገዢ ሦስት መኝታ ለአራት የተሸነሸነ አይፈልግም። ነጭ ሳሎኑ የሚያስቃችሁ ቢሆንም ምክንያት አለው፤ ለማንም ይሆናል።

ንድፍ ወዳድ

ለማንም የሚሆን ቤት ውስጥ እስኪሸጥ ድረስ ማን ነው የሚኖረው? :)

ቁም ነገሩን ግን አልክድህም። ለዚህ የምከተለው ልማድ አለኝ፦ የማይነቃነቀውን ነገር ሳነሣ ስለ ዝንባሌ አላስብም፣ የሚነቃነቀውን ሳነሣ ስለ ዝንባሌ ብቻ አስባለሁ። ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ወለል፣ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር፣ መስኮት ሁሉ ለማንኛውም ቤተሰብ በሚሆን መልክ ይሠሩ። መደርደሪያ፣ መብራት፣ ጠረጴዛ፣ ቀላል ግድግዳ ግን ለዛሬው ሰው ይሁን። የጂፕሰም ግድግዳ በቀላሉ ይነሣል። ወለሉን መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሠርታችሁ ግድግዳውን በላዩ ካቆማችሁ፣ ሲነሣ የሚቀረው የብሎን ቀዳዳና የቀለም ሥራ ነው።

የድምፅ ሰው

ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ እስማማለሁ። ላሚኔት ከሆነ ግን ከግድግዳው ሥር ይቆረጥ። ተንሳፋፊ ወለል፣ ማለትም ከሥሩ ጋር ሳይጣበቅ የሚነጠፍ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ካልተቋረጠ ድምፁን ከሥር ያሻግረዋል።

ሶሌታ

መሐንዲስ ነኝ፣ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትልቁ ክፍል ለሁለት ሲከፈል ለሁለተኛው በር ከኮሪደር በኩል ግድግዳ መቁረጥ ይመጣል። ብሎኬት የሆነ ማካፈያ ከሆነ ይቻላል፤ ከላዩ አግዳሚ ይግባለት፣ ውስጡ የሚያልፍ መስመር እንዳለም ይታይ። ኮለንና ቢም (ሕንፃውን የሚሸከሙት ምሰሶና አግዳሚ) ግን በምንም ዓይነት አይነካም። «ትንሽ ብቻ ነው የምጠርበው» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ በር አሳዩት። የመዋቅር ፕላኑን ከሕንፃው አስተዳደር ጠይቁና በእሱ ላይ ተመሥርቱ።

ስለ አበባውም ልናገር፣ ማንም ስላላነሣው። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ ወደ 1.8 ቶን ይመዝናል። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ስፋት፣ 40 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ገንዳ ውሃ ሲጠጣ ከ280 ኪሎ በላይ ነው። ብዙ በረንዳ ከሕንፃው ተንጠልጥሎ የወጣ ስለሆነ ክብደቱ ከጫፉ ላይ ሲሆን ነው የሚከፋው፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ገንዳውን የሚደረድረው ጫፉ ላይ ነው። ትንንሽ ማሰሮ፣ ቀላል የማሳደጊያ አፈር፣ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ። ለመኖሪያ ክፍል ወለል የተለመደው የንድፍ ጭነት በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። የዓሣ ገንዳ የምታስቡም ካላችሁ ይህን ያዙ፤ 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው።

ኩሽናውንም ሆነ መታጠቢያውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ። የፍሳሽ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ያህል መውረድ አለበት፤ አራት ሜትር ብታርቁት 8 ሴንቲ የወለል ከፍታ በላችሁ ማለት ነው። ከታች ያለው ጎረቤት መኝታ ቤት ላይ ቧንቧ ማሳለፍም ነገ ጠብ ነው።

የልጅ ልጆች አሉኝ

ልጄ መርፌና ክር፣ ከሁሉም ጽሑፍ ውስጥ ስለ አማትሽ «ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ አበባ ይወዳሉ» ከማለት ያለፈ አላየሁም። እሳቸውን ጠይቀሻቸዋል? የትኛውን ክፍል እንደሚፈልጉ?

እኔ 74 ዓመቴ ነው። ልጆቼ ቤት ሲሠሩ «እናታችን ጸጥታ ትፈልጋለች» ብለው ከሁሉም የራቀውን ክፍል ሰጡኝ። ጸጥታ መቼ ፈለግሁ? ሰው ነው የምፈልገው። ደግሞ ከራቀው ክፍል እስከ መታጠቢያ ቤት ሌሊት በጨለማ መንገዱ ረጅም ነው። እንግዲህ ከልምዴ ልንገርሽ፦ ክፍላቸው ለመታጠቢያ ቤቱ የቀረበ ይሁን። ሲነሡ እግራቸው መሬት የሚነካበት፣ ቁመቱ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ የሆነ አልጋ ይሁን፤ ዝቅ ያለ አልጋ ለወጣት ነው። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት ከወለሉ አጠገብ አስገጥሚ። ሶኬቱ ከመሬት 30 ሴንቲ ላይ አይሁን፤ ማጎንበስ ይከብዳል፣ ወደ 60 ከፍ ይበል። ጫፉ የሚነሣ ምንጣፍ አታንጥፊ። መታጠቢያው ግድግዳ ላይም መያዣ ይገጠም፤ ቢያንስ ግድግዳው ሲሠራ ማጠናከሪያው ከውስጥ ይግባ፣ መያዣውን በኋላ ታደርጊዋለሽ።

መርፌና ክር

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ማታውኑ ጠየቅኋቸው። እኛ በጓሮ በኩል ያለውን 3.2 በ3 አስበንላቸው ነበር፣ ፀጥ ያለ ነው ብለን። እሳቸው «እኔ እዚያ ምን ላይ? ወደ መንገድ የሚያየውን ስጡኝ፣ ወጪ ወራጁን ልይበት» አሉ። 3.4 በ3.2 የሆነው ነው፤ መታጠቢያ ቤቱም ፊት ለፊቱ ነው። ከልጆቹ ክፍል ጋርም ግድግዳ አይጋራም፤ የሬዲዮውም ነገር አብሮ አለቀ። ያለ እርስዎ ባልጠየቅኋቸው ነበር።

አናጢው

እህቴ፣ እናንተ 3.2 በ3 ውስጥ ልትገቡ ከሆነ ልኩን ልሥራልሽ። አልጋ 160 በ200። ግራና ቀኝ 60 60 ሴንቲ ብንተው 280፤ የ3 ሜትሩ ወገን ላይ ይገባል። በግርጌ በኩል ከ320 ላይ 200 ሲነሣ 120 ይቀራል፤ 60 ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን ሲቆም መተላለፊያው 60 ነው። ጠባብ ነው ግን ይኬዳል። ቁም ሳጥኑ ተንሸራታች በር ይሁን፣ የሚወዛወዝ በር እዚያ አይከፈትም። ከወቅት ውጭ የሆነ ልብስና አንሶላ ደግሞ ኮሪደር ላይ 35 ሴንቲ ጥልቀት ባለው ሳጥን ይግባ፤ ከ1.4 ላይ 1.05 ይቀራል፣ ለመተላለፊያ 90 ስለሚበቃ አትጨነቂ።

ስፌቱን በተመለከተ፦ ሳሎን ውስጥ የሚዘጋ የስፌት ሳጥን እንሥራ። ስፋቱ 1.6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60። ሁለት በሩ ሲከፈት ውስጡ መኪናው በቦታው ቆሞ፣ ክሩ እንደገባ፣ ሥራው እንደተዘረጋ ይገኛል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፣ ምንም አይነሣም። መኪናው የሚቀመጥበት ከፍታ ከ72 እስከ 75 ይሁን። ጨርቅ የምትቆርጪው ግን በዚያ ከፍታ ከሆነ ወገብሽ ይሞታል፤ ለመቁረጫ ቆመሽ ከ90 እስከ 95 ነው። ከሳጥኑ ጎን የሚታጠፍ ገበታ በ92 ላይ እሰቅልልሻለሁ፣ ካልፈለግሽው ይወርዳል።

መደርደሪያዎቹን ከ18 ሚሊ ቺፑድ ካሠራችሁ ከ80 ሴንቲ በላይ ድጋፍ የሌለው ርዝመት አታስቀሩ። ጨርቅ ቀላል ይመስላል፣ ታጥፎ ሲደራረብ ግን ይከብዳል፤ መጽሐፍ ደግሞ የባሰ ነው። የልጆቹን መደርደሪያ ጎን በየ32 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ አስበሱት፤ የፋብሪካ ቁም ሳጥኖች የሚበሱት በዚህ ልክ ነው። ልጅ ሲያድግ መደርደሪያው ከፍ ይላል፣ ሳጥኑ አይለወጥም። ቺፑዱንም ስትገዙ ፎርማልዲሃይዱ (ከማጣበቂያው የሚወጣው ጎጂ ጋዝ) ዝቅ ያለውን፣ ቢያንስ ኢ1 የሚል ደረጃ ያለውን ጠይቁ፤ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ነው።

ሳሎን ጠባቂ

ስፌት ሳሎን ውስጥ ከገባ ክፍት ኩሽና ይቀራል ማለት ነው? እኔ ክፍት ወዳድ ነኝ።

ንድፍ ወዳድ

ይቀራል። ቅባት ያለው እንፋሎት ጨርቅ ላይ ያርፋል፣ ሽታውም አይለቅም። ለሌላ ቤተሰብ ክፍት እመክር ነበር፣ ለዚህ ግን የመስታወት በር ያለው ዝግ ኩሽና ነው የሚሆነው። ብርሃኑ ያልፋል፣ ጭሱ ይቀራል።

መጠኑ ራሱ ታሪክ ያስታውሰኛል። በ1926 አርክቴክቷ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የነደፈችው የፍራንክፈርት ኩሽና 1.9 በ3.4 ነበር፤ ያንቺም 2.2 በ3.4። እሷ የባቡር ኩሽናዎችን አጥንታ እያንዳንዱን እርምጃ ቆጥባ ነው የሠራችው፣ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶችም ገብቷል። በኋላ የተነሣበት ወቀሳ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ሰው ሲገባ ይጋጫል፣ የምትሠራዋም ከቤተሰቡ ትነጠላለች። እናንተ ቤት ሁለት ሰው አብሮ ይሠራል? አንቺና አማትሽ?

መርፌና ክር

ሁልጊዜ። ካልሆነም ባለቤቴ።

ንድፍ ወዳድ

እንግዲያው ሁለት ትይዩ መስመር አትሥሪ። በ2.2 ሜትር ውስጥ ግራ 60 ቀኝ 60 ሲሆን መሀሉ 1 ሜትር ይቀራል፤ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ሲቆም፣ የምድጃ በር ሲከፈት መተላለፊያ የለም። በኤል ቅርጽ ይሁን፤ በባዶው ወገን 30 ሴንቲ ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ብቻ። ያኔ 1.3 አላችሁ። የሁለታችሁ ቁመት የሚለያይ ከሆነም አንዱን ክፍል 90፣ አንዱን 85 አድርጉት። ተቀምጦ መክተፍ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ የሚሳብ ገበታ በ72።

ባለ ሁለት ጎማ

ብስክሌት ያለው ሰው ይናገር :) ባለቤትሽ በረንዳ ላይ ላድርገው እንዳይል። ፀሐይ ጎማውን ያሰነጥቃል፣ ዝናብ ሰንሰለቱን ያዝጋል። ኮሪደርም አይሆንም። የብስክሌት መሪ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ይወጣል፤ ግድግዳ ላይ በአግድም ብትሰቅሉት ከ1.4 ላይ የሚቀረው ለመተላለፊያ ከሚበቃው 90 ያንሳል። መግቢያው ላይ በር ከተከፈተ በኋላ ያለው ጥግ ስንት ነው?

መርፌና ክር

1.8 በ1.6።

ባለ ሁለት ጎማ

በቂ ነው። በፊት ጎማው በቁሙ ይሰቀል፣ መንጠቆው ወደ ጎን የሚዞር ዓይነት ይሁን። በቁሙ ሲሰቀል ከግድግዳ ከ1 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሲዞር ግን ወደ ግድግዳው ይጠጋል። መንጠቆው የግድ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ውስጥ ይግባ፣ ጂፕሰም ላይ አይሆንም። ከጎማው ጀርባ የሚታጠብ ነገር ለጥፉ፣ አለዚያ ግድግዳው ይጠቁራል። ወለሉ በዚያ ጥግ ሸካራ ሴራሚክ ይሁን፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ። መብራት በላዩ፣ ሶኬት በጎኑ፣ ለመፍቻዎቹ የተበሳ ሰሌዳ። እቃው የሚታይበት ቦታ ካለው ይመልሰዋል፤ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ወለል ላይ ይቀራል። ባለቤትሽ ይህን ጽሑፍ ካየ ይስመኛል።

ተጠራጣሪው

መግቢያው ላይ ግራሶ ሸቶ እንግዳ ሊቀበሉ ነው ማለት ነው?

ባለ ሁለት ጎማ

አሁንም ጋዜጣ አንጥፎ እዚያው ነው የሚሠራው እኮ። ልዩነቱ አሁን የሚታጠብ ይሆናል።

መብራት

ኤሌክትሪኩ ገና ነው ስላልሽ ከቀለሙ በፊት የምትወስኚው ይህ ነው። ብዙ ቤት የጣሪያው መሀል አንድ ትልቅ መብራት ይሰቀልና ሁሉም ሰው በራሱ ጥላ ውስጥ ይሠራል። ለንባብና ለጽሕፈት ገበታው ላይ 500 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ያስፈልጋል፣ ለስፌት 750 እና ከዚያ በላይ፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስትሰፊ ይህም አይበቃም። ለተራ መቀመጫ ግን ከ100 እስከ 150 ይበቃል። ስለዚህ ክፍሉን በሙሉ አታብሪው፣ የሚሠራበትን ቦታ አብሪ።

ስፌቱ ላይ 4000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫ ይላል)፣ የቀለም ታማኝነቱ (ሲአርአይ የሚባለው) ከ90 በላይ የሆነ ኤልኢዲ። ይህ የታማኝነት ቁጥር ዝቅ ካለ ሰማያዊና ጥቁር ክር ትቀላቅያለሽ። ሳሎኑና መኝታዎቹ 2700 ኬልቪን። የሳሎኑ መብራት ቢያንስ በሦስት ማብሪያ ይከፈል፦ መቀመጫው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የስፌት ሳጥኑ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ኖታ የምታስቀምጥበት ቦታ ከወዲሁ ይታወቅና መብራቱ ከበስተጀርባዋ አይምጣ። ሶኬት ደግሞ የዕቃው ድልድል ካለቀ በኋላ ነው የሚቆጠረው። ዕቃው ሳይታወቅ የተቀመጠ ሶኬት ሁሌም ከቁም ሳጥን ጀርባ ይገኛል።

የትንሹ እናት

ስለ ወንዱ ልጅ ማንም አላለም! የእኔም እንዲሁ ነው። ኮሪደር ላይ የሚጫወተው ክፍል አጥቶ አይደለም፤ ሰው ባለበት መሆን ስለሚፈልግ ነው። የራሱ 2.5 በ3.6 ክፍል ብትሰጪውም ከተማውን ይዞ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለእሱ ጎማ ያለው ዝቅ ያለ ሰፊ ገበታ ይሠራለት፣ ቁመቱ ከአልጋው ሥር የሚገባ፣ ዙሪያው ትንሽ ከንፈር ያለው። ከተማው ሳይፈርስ ይጎተታል፣ ማታ አልጋ ሥር ያድራል። ቀን ሳሎን ጥግ፣ ከስፌት ሳጥንሽ አጠገብ ይሁን። ቦታው ከእንግዳ ዓይን ካልራቀ ምን ይጎዳል?

መንጠቆውንም በአንድ ሜትር ከፍታ አድርጊለት። ቦርሳውን ራሱ የሚሰቅለው እጁ ሲደርስ ነው።

መርፌና ክር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴም አነበበው (@ባለ ሁለት ጎማ፣ ሰላም ብሎሃል)።

ትልቁ ክፍል ለልጆቹ ለሁለት ይከፈላል፣ በድርብ ጂፕሰም እንጂ በተንሸራታች አይደለም። የልጅቷ ግማሽ በደረጃው ወገን ይሆናል፣ ከጎረቤት መኝታ ይራቅ ብለን። እማማ በመንገድ በኩል፣ እኛ በጓሮ። ባለቤቴ ትልቁን ክፍል ለመልቀቅ ትንሽ አጉረመረመ፤ የብስክሌቱን ጥግ ካየ በኋላ ግን ተወው። ኩሽናው በኤል፣ ዝግ፣ የመስታወት በር። የስፌት ሳጥኑ የቴሌቪዥኑን ግድግዳ ወሰደ፤ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ሆኖ በሚዞር መያዣ ጥግ ላይ ይሆናል። ለባለሙያው ምዝገባዬን ሰጠሁት፣ እንደገና እየሣለ ነው። እውነቱን ለመናገር እሱም ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ከእኛ እስከዚያ ድረስ «ቆንጆ ይሁን» ከማለት ሌላ የሰማው አልነበረም።

አንድ ያልተስማማንበት አለ። ምግብ ጠረጴዛውን 1.6 ወይስ 1.8 እናድርገው? አምስት ነን፣ እንግዳ አይጠፋም።

አናጢው

ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ነው። 1.8 ላይ በየጎኑ ሦስት፣ ሁለት ደግሞ በራስጌና በግርጌ፤ ስምንት ሰው ይቀመጣል። ግን ከወንበሩ ጀርባ እስከ ግድግዳ ወይም እስከ ሳጥኑ ቢያንስ 75 ሴንቲ ይቅር፣ ሰው የሚያልፍበት ወገን 90። የስፌት ሳጥኑ በር ሲከፈት ደግሞ 80 ወደ ፊት ይመጣል። እኔ 1.4 ሆኖ የሚሳብ እሠራልሻለሁ፤ ሲዘረጋ 1.9።

መርፌና ክር

የሚሳበው ሰሌዳ የት ይቀመጣል? ዕቃ ቤት እንዳትለኝ!

አናጢው

እዚያው ገበታው ሥር ይታጠፋል። ማንም አያወጣውም፣ ማንም አያስገባውም።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ የእኔ ሚስትም ትሰፋለች። የሳጥኑን ልክ በሥዕል ብትለጥፈው?

አናጢው

ነገ እለጥፋለሁ። የበሩን ማጠፊያ 170 ዲግሪ የሚከፈተውን ዓይነት ፈልግ፤ ተራው ከገባ በሩ ክርንን ይመታል።